ዓርብ ማታ መሳቢያ ውስጥ የሚገባው ስልክ

ውድ አማካሪያችን፣

የምጽፍልዎት ከእስራኤል፣ ከኔታንያ ነው። 36 ዓመቴ ነው። ቤተ እስራኤል ነን፤ ቤተሰቤ እ.ኤ.አ. በ1991 በዘመቻ ሰለሞን ሲመጣ እኔ እናቴ ጀርባ ላይ የታዘልኩ ሕፃን ነበርኩ። አባቴ አሁን 72 ዓመታቸው ነው። አያቴ ጎንደር ውስጥ የቤተ እስራኤል ቄስ ነበሩ። አባቴ ቄስ ባይሆኑም ያደጉት ከጸሎት ቤት ደጃፍ ሳይርቁ ነው።

አባቴ ስኳር አለባቸው። ኢንሱሊን መውሰድ ከጀመሩ አራት ዓመት አለፈ። አምና ሐኪማቸው ክንድ ላይ የሚለጠፍ መለኪያ አዘዘችላቸው። በየ14 ቀኑ ይቀየራል። ስኳራቸው ሲወርድ የእሳቸውም የእኔም ስልክ ይጮኻል። ከእሑድ እስከ ዓርብ ሰላም ነን። ዓርብ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ግን ስልኩን ያጠፉታል። በነጠላ ይጠቀልሉትና ኦሪቱ ያለበት መሳቢያ ውስጥ ይከቱታል። እስከ ቅዳሜ ማታ አይወጣም። "በሰንበት ቤታችን ውስጥ እሳት አይታይም ነበር። ይሄ የሚያበራው ነገር እሳት ካልሆነ ምንድን ነው?" ይላሉ።

ታላቅ ወንድሜ ዬሺቫ በሚባለው የራቢዎች ትምህርት ቤት ሃላኻን፣ የአይሁድን ሕግ፣ የተማረ ነው። "አባዬ፣ ሃላኻው ይፈቅዳል፣ ራቢያችንም ፈቅደዋል" እያለ መጽሐፍ ገልጦ ይከራከራቸዋል። እሳቸው ዝም ብለው ይሰሙትና "ልጄ ኦሪትን ከሰው ቤት ተማረ" ይላሉ።

ከሦስት ሳምንት በፊት ሰንበት ሊነጋ ሲል እናቴ በሬን አንኳኳች። የምኖረው አንድ ፎቅ ከእነሱ በታች ነው። ስገባ አባቴ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠዋል። ሸሚዛቸው በላብ ርሷል። በሞተች እህታቸው ስም ጠሩኝ። እኔ ሰንበት ብዙም የምጠብቅ ሰው አይደለሁም፣ ቅዳሜ መኪና እነዳለሁ። ግን በእሳቸው ቤት፣ በእሳቸው ፊት፣ ስልኩን በእጄ ይዤ ቆምኩ። ሁለት ደቂቃ ይሁን አምስት አላውቅም። ከዚያ አምቡላንስ ጠራሁ። በመርፌ ስኳር ሰጧቸውና ነቁ። መጀመሪያ የጠየቁት "ቀኑ ምንድን ነው?" ብለው ነው። እናቴ "ሰንበት" አለች። አለቀሱ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ የሚያናግሩኝ በእናቴ በኩል ነው። የጋገርኩትን ዳቦ አይቀምሱም። "ሰንበቴን አፈረሰችብኝ" አሉ አሉ።

አሁን አንድ ነገር አስቤያለሁ። ወንድሜ የአባቴን ስልክ የሚመስል የተበላሸ ስልክ አለው። ዓርብ ወደ ጸሎት ሲወጡ የተበላሸውን ነጠላው ውስጥ ጠቅልዬ፣ ደህናውን አብርቼ ከአልጋቸው ሥር ልደብቀው። ሳያውቁ እጠብቃቸዋለሁ። ኃጢአት ነው? ደግሞስ አስተስርዮ፣ የሙሉ ቀን ጾማችን፣ ሁለት ወር ነው የቀረው። እንደ ወትሮው ሙሉውን ቀን እጾማለሁ ብለዋል። ምን ላድርግ?

ልጃቸው፣ ከኔታንያ

* * *

የኔ እህት፣

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ የታየኝ የስልኩ ነገር ነበር። ሁለተኛ ሳነበው "ስልኩን በእጄ ይዤ ቆምኩ" ያልሽው አላሳልፍ አለኝ። ከእሱ ልጀምር።

ሁለት ሸክም ነው የተሸከምሽው። ሰንበት አፈረስሽ የሚለው የአባትሽ ነው። ዘገየሁ የሚለው ግን የራስሽ ነው፤ ማንም አላለሽም። ደውለሽም ጥፋተኛ፣ ቆመሽም ጥፋተኛ። እንዲህ ዓይነት ሒሳብ ውስጥ የገባ ሰው ምን ቢያደርግ አይወጣለትም።

የኢየሩሳሌም ታልሙድ፣ የጥንት ራቢዎች ትምህርት የተጻፈበት መጽሐፍ፣ ልክ ለዚያች ሰዓት የተባለ ነገር አለው። በሰንበት የሰው ሕይወት አደጋ ላይ ሲወድቅ የፈጠነ የተመሰገነ ነው፤ ቆይ ልጠይቅ የሚል ደም እንዳፈሰሰ ነው ይላል። ይህን ወንድምሽም ያውቀዋል። አብሮት ያለውን ግን ብዙ ሰው አያነሳውም። የሚጠየቀው ሊቅም የተነቀፈ ነው ይላል። ለምን? አስቀድሞ ሕዝቡን አስተምሮ ቢሆን ኖሮ በዚያ ጭንቅ ሰዓት ማን ሊጠይቀው ይመጣ ነበር?

ስለዚህ እነዚያ ደቂቃዎች ያንቺ ብቻ አይደሉም። ከዚያ ዓርብ በፊት ቤታችሁ ውስጥ "እንዲህ ቢሆን ምን እናደርጋለን?" ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ክርክር ነበር፤ ንግግር ግን አልነበረም። አንቺ ደግሞ የደነገጥሽው ለሰንበት ግድ ስለሌለሽ አይደለም። ግድ ስላለሽ ነው የቆምሽው። ይህን አባትሽ አላዩም፤ ላብ አጥምቋቸው ነበር።

አሁን ወደ እሳቸው። አባትሽ እንዲህ የሚያደርጉት ወንድምሽ እንደሚመስለው ሳያውቁ አይደለም። አውቀው ነው። የጎንደር አባቶቻችን ሰንበትን የተማሩት ከኦሪትና ከኩፋሌ ነው። የኩፋሌ መጨረሻ፣ 50ኛው ምዕራፍ፣ በሰንበት የማይደረገውን አንድ በአንድ ይቆጥራል። እሳት ማንደድ፣ ውኃ መቅዳት፣ መንገድ መሄድ፣ እንስሳ ላይ መቀመጥ። ጦርነትም እዚያው ውስጥ አለ። ሙሉው ኩፋሌ እስከ ዛሬ የቆየው በግዕዝ ብቻ መሆኑንም ልብ በይ። አባትሽ የያዙት ነገር ኋላ ቀር አይደለም። ጥንታዊ ነው።

ኢየሩሳሌም አካባቢም በአንድ ወቅት ሰንበት እንዲሁ ነበር። ከዛሬ 2,200 ዓመት ገደማ በፊት የንጉሥ አንጥያኮስ ጦር ዋሻ ውስጥ የተሸሸጉ አይሁድን በሰንበት ቀን አጠቃቸው። ድንጋይ እንኳ አልወረወሩም። አንድ ሺህ ያህል ሰው ከነልጆቹ አለቀ። በንጉሡ ላይ ያመፁት ማታትያስና ወገኖቹ ይህን ሲሰሙ አለቀሱላቸው። ካለቀሱ በኋላ ነው "ከእንግዲህ በሰንበት የሚመጣብንን እንመክታለን፣ አለዚያ ሁላችንም እንዲሁ እናልቃለን" ያሉት። ያ ውሳኔ የወጣው ከለቅሶ ቤት ነው። ሊቃውንቱ ቆይተው ኦሪት ዘሌዋውያን 18፥5ን ይዘው መሠረት አበጁለት። ሰው ትእዛዛቱን ጠብቆ በእነርሱ ይኖራል ይላል ቃሉ። በታልሙድ ሽሙኤል የሚባለው ሊቅ "ይኖራል እንጂ ይሞታል አይልም" አለ። ሌላው ደግሞ ብዙ ሰንበት እንዲጠብቅ አንዱን ሰንበት ሻርለት አለ። ዛሬ ፒኩዋሕ ኔፌሽ የሚሉት፣ ነፍስ ማዳን ሰንበትን ያሽራል የሚለው ሕግ ይህ ነው። አደጋው እርግጠኛ መሆን የለበትም። ጥርጣሬ ይበቃል።

አገር ቤት አባቶቻችን ሐኑካን፣ ከእነማታትያስ ዐመፅ የመጣውን በዓል፣ አያከብሩም ነበር። እኔ እንደማየው አባትሽ የያዙት ያንን ለቅሶ ያላየውን ሰንበት ነው። ይህን ሳትረጂ "ተፈቅዷል" ብትያቸው የሚሰሙት "አባትህ ተሳስቶ ነበር" የሚል ነው። አባቱን ተሳስተሃል የሚባል ሰው ደግሞ መሳቢያውን ያጠብቃል።

ሌላም የሚሰሙት ነገር ይኖራል። እ.ኤ.አ. በ1985 ራቢዎቹ "አይሁድነታችሁ እንዲረጋገጥ ውኃ ውስጥ ጠልቃችሁ ውጡ" ሲሉን ሽማግሌዎቻችን ኢየሩሳሌም አደባባይ ላይ ተቀምጠው እምቢ አሉ። በ1996 ደግሞ የለገስነው ደም እየተደፋ መሆኑ ተሰማ። አባትሽ ያኔ አዲስ መጤ ነበሩ። እና ሰው መጥቶ "ራቢው ፈቅደዋል፣ ሐኪሟም ብላለች" ሲላቸው፣ የጠራቸው ሁለት ምስክሮች አንዱ ሰንበታቸውን፣ ሌላው ደማቸውን የተጠራጠረ ወገን ነው። ያቺ ሐኪም ምንም አላጠፋችም። የሰፈራችሁም ራቢ ደግ ሰው ሊሆን ይችላል። ግን ቁስል ስም እያየ አይደለም የሚያመው። አንቺ ይህን ከአባትሽ አፍ ሰምተሽው ታውቂያለሽ? ስለዚያ ዘመን ጠይቀሻቸው ታውቂያለሽ?

ወንድምሽን በሚገባ ቋንቋ ዝም አሰኚው። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። የሚለውም ከሞላ ጎደል ልክ ነው። ችግሩ ልክ መሆኑ ነው። ልጅ አባቱን በመጽሐፍ ሲረታ፣ የተረታ አባት የሚያደርገው ነገር የለም፤ እልህ ይገባል። "ለሁለት ወር ገጽ አትግለጥ" በይው።

ታዲያ ማን ይናገራቸው? ቄስ ነው የሚናገራቸው። አባትሽ ቃላቸውን የሚቀበሏቸው አንድ ቄስ አይጠፉም፤ በኔታንያ ባይሆኑ በሌላ ከተማ። መጀመሪያ ብቻሽን ሂጂ። የሆነውን ሁሉ ንገሪያቸው፣ ላቡንም፣ የሟች አክስትሽን ስም መጥራታቸውንም። ቄሱ ምን እንደሚያስቡ ሳታውቂ አባትሽን ይዘሽ አትሂጂ። የሚረዱሽ ከሆነ አንድ ነገር ለምኛቸው፤ መለኪያውን አባትሽ ፊት በገዛ እጃቸው እንዲነኩት።

ይህን ከራሴ አላመጣሁትም። ራምባም፣ ሐኪምም የሕግ ሊቅም የነበረው፣ በ1204 ያረፈው፣ በሰንበት ለታመመ ሰው ሥራ ሲሠራ በባዕድ ወይም በልጅ እጅ አይሁን፣ በእስራኤል ታላላቆችና ጠቢባን እጅ ይሁን ብሏል። ነገሩ እንደ ኃጢአት በጓዳ እንዳይደረግ ነው። ታላቁ ሰው ሲያደርገው ሌላው ያያል፤ አይቶም በሚቀጥለው ጊዜ አይቆምም። አንቺ ቆመሽ የነበረው ማንም ሲያደርገው ስላላየሽ ነው።

አባትሽ ጠበቅ ካደረጉ ቄሱ ሊያነሱት የሚችሉ አንድ ነገር ደግሞ አለ። በእኛ መጻሕፍት፣ በትእዛዘ ሰንበት፣ ሰንበት ለነፍሳት የምታማልድ ናት። እኔ ሊቅ አይደለሁም። ግን ለሰው የምታማልድ ሰንበት፣ የሚወዳት ሰው አልጋ ላይ ሲያልፍ ዝም ብላ ታየዋለች ብዬ ለማመን ይቸግረኛል። ይህን አንቺ አትበዪው። ከቄሱ አፍ ሲመጣ ነው የሚያምረው።

አሁን ስለ መሣሪያው። ብዙ ቤት ውስጥ ነገሩ የሚበላሸው ዝርዝሩን ማንም ስለማያስረዳ ነው። አባትሽ የሚፈሩት ስልኩን መነካካት ይመስለኛል። እውነቱን ለመናገር ምንም መንካት የለባቸውም። ስልኩ ዓርብ በቀን ቻርጅ ላይ ይሰካል። ከአልጋቸው ብዙ ሳይርቅ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። ክንዳቸው ላይ ያለው መለኪያ በራሱ ይለካል፣ ስልኩ በራሱ ይቀበላል፣ ቁጥሩ ሲወርድ በራሱ ይጮኻል። እሳቸው ጣታቸውን አያነሱም። ያንቺ ስልክ ታች ቤት ይጮኻል፣ ትመጫለሽ። የስልክ ነገር ከከበዳቸው ለአንዳንዶቹ መለኪያዎች ቁጥር ብቻ የምታሳይ ለብቻዋ የሆነች ትንሽ መቀበያ አለች። ሰው አይደወልባትም፣ ዜና አይታይባትም። ለእሳቸው ዓይን ከስልክ ይልቅ ሰዓት ትመስላለች። ለእሳቸው መለኪያ ትኖር እንደሆነ የጤና መድን ድርጅታችሁን፣ ኩፓት ሆሊምን፣ ጠይቂ።

ዓርብ የተጀመረ ነገር በሰንበት በራሱ ይቀጥል ወይ የሚለው ክርክር እኮ ከስልክ በፊት የነበረ ነው። ሚሽና በሚባለው የራቢዎች ጥንታዊ የሕግ መጽሐፍ ላይ የሻማይ ቤትና የሒሌል ቤት፣ ሁለት የሊቃውንት ወገኖች፣ ስለ መረብ ተከራክረዋል። ዓርብ የተዘረጋ መረብ በሰንበት ዓሣ ቢይዝስ? የሻማይ ወገን ዓሣው ዓርብ ሳይመሽ ካልተያዘ አይሆንም አሉ። የሒሌል ወገን ፀሐይ ሳትጠልቅ ከዘረጋኸው ይበቃል አሉ። ሕጉ በሒሌል ጸና። አባትሽ የሻማይ ወገን ናቸው ብል ይቀየሙኝ ይሆን? አይመስለኝም። ደህና ቦታ ነው ያሉት።

በኤሌክትሪክ ጉዳይ ደግሞ ራቢዎቹ ራሳቸው አልተስማሙም። ሐዞን ኢሽ የሚባሉት ታላቅ ራቢ የኤሌክትሪክ መስመሩን ማገናኘት እንደ መገንባት ነው፣ ኦሪት የከለከለው ነው አሉ። ራቢ ሽሎሞ ዛልማን አውየርባኽ በዚህ አልተስማሙም። ክልከላውን በልማድ ነበር የሚያጸኑት። ስለዚህ አባትሽ "ይሄ ነገር እሳት አይደለም ወይ?" ብለው ሲጠይቁ የጠየቁት የሞኝ ጥያቄ አይደለም፤ ታላላቆቹ የተከራከሩበት ነው። የተስማሙት ግን ሕይወት ሲያሰጋ ነው። እዚያ ላይ ተከራካሪ የለም።

አንድ ጨዋታ ላምጣልሽ። አሎን ሽቩት በምትባል መንደር ጾሜት የሚሉት ተቋም አለ። ሥራው ሕጉና ቴክኖሎጂው የሚጋጩበትን ቦታ መፈለግና መላ ማበጀት ነው። ከሠሯቸው ነገሮች አንዱ እስክሪብቶ ነው። ኦሪት በሰንበት የከለከለው የሚቆይ ጽሑፍ ነው፤ ስለዚህ የዚህ እስክሪብቶ ቀለም ከጥቂት ቀን በኋላ ይጠፋል። ሐኪሙ ሰንበት ላይ በእሱ ይጽፋል፣ ሰንበት ሲወጣ ሌላ ሰው ይገለብጠዋል። ይህን መጀመሪያ ስሰማ ሳቅሁ። ቆይቼ ግን ወደድኩት። ሕሙሙንም ሰንበቱንም እኩል የሚሳሳለት ሰው ነው እንዲህ ያለ ነገር የሚያስበው። ለአባትሽ ብታጫውቻቸው ፈገግ ይሉ ይሆናል፤ ሲታረቁሽ ማለቴ ነው።

ወደ መሳቢያው እንምጣ። የተበላሸውን ስልክ ነጠላ ውስጥ ጠቅልዬ ላስቀምጥ ላልሽው መልሴ አይሆንም ነው። ፍርሃትሽ ይገባኛል። አባት ከሚሞት ብዋሽ ይሻላል ነው ያልሽው፣ በደፈናው ሲታይ ልክ ነሽ። ግን እስኪ አስቢው። ከአልጋቸው ሥር የተደበቀ ስልክ አንድ ሌሊት መጮኹ አይቀርም። ያኔ ምን ልትዪ ነው? አልጋው አመመው? ቅዳሜ ማታ ነጠላውን የሚፈቱት ደግሞ እሳቸው ናቸው። ካወቁ በኋላ ስልኩ ላይ አይቆሙም። መለኪያውን ከክንዳቸው ይነቅሉታል፤ ከእሑድ እስከ ዓርብ ያለውን ሰላም ያጠፉታል። ከዚያም በላይ፣ ነጠላውም ኦሪቱም ያለበትን ያንን መሳቢያ የማታለያ ዕቃ ታደርጊዋለሽ። እሱ የሚጠገን አይመስለኝም።

እስኪስማሙ ድረስስ? መቼም እስከዚያ እጅ አጣጥፎ መቀመጥ አይሆንም። በዚህ ሳምንት ሐኪሟ ዘንድ ሂዱ፣ እናትሽም ይምጡ። ቋንቋው ከከበዳቸው ክሊኒኩ አማርኛ የሚያስተረጉም ሰው እንዲያቀርብ ጠይቂ፤ አንቺ አታስተርጉሚ። ልጅ ስታስተረጉም አባት የሚያፍርበትን አይናገርም። ለሐኪሟ የሰንበታቸውን አዋዋል በሰዓት ንገሪያት። ዓርብ ማታ ስንት ሰዓት ይበላሉ? ኢንሱሊኑን መቼ ይወጋሉ? ጠዋት ምንም ሳይቀምሱ ነው ወደ ጸሎት የሚሄዱት? ዳቦው ተባርኮ እስኪቆረስ ስንት ሰዓት ይሆናል? አብዛኛውን ጊዜ ጉዱ ያለው እዚያ ላይ ነው። የዓርብ ማታውን መጠን መቀነስ ትችል እንደሆነ እሷ ትወስን። ከጸሎት በፊት አንድ ነገር መቅመስን ለታመመ ሰው ሃላኻውም አይከለክልም። እዚህ ላይ አባትሽን የሚያግዝ ከራሳቸው መጽሐፍ አለልሽ፤ ያው የኩፋሌ 50ኛ ምዕራፍ በሰንበት መጾምንም ይከለክላል!

ለእናትሽ የሚሆን ነገር ከአልጋው አጠገብ አስቀምጪ። ግማሽ ብርጭቆ ጭማቂ፣ ወይም ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር የሚበጠበጥበት ውኃ። አባትሽ ካላባቸው፣ ከተንቀጠቀጡ፣ ነገር ከተምታታባቸውና መዋጥ ከቻሉ ወዲያው ያጠጧቸው። ከ15 ደቂቃ በኋላ ካልተሻላቸው ይድገሙ። ራሳቸውን ከሳቱ ግን አፋቸው ውስጥ ምንም አይገባም። ወዲያው 101 ይደወላል። በቤት ውስጥ የሚሰጥ ግሉካጎን የሚባል መድኃኒት እንዳለም ሐኪሟን ጠይቂያት። ማን እንደሚደውል አሁኑኑ፣ በሥራ ቀን፣ ጮክ ተብሎ ይወሰን።

ከዚያ ደግሞ ይህን ላንቺ ብቻ ነው የምለው። ዓርብ ማታ እነሱ ቤት እደሪ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ግቢ። መኪናሽን አቁሚ። ስልክሽን ቦርሳሽ ውስጥ ክተቺ፤ አታጥፊው ግን፣ ለክፉ ቀን ይኑር። እሳቸው አያናግሩሽም ይሆናል። ተይው። ሌሊት እናትሽ አንዴ፣ አንቺ አንዴ ተነስታችሁ ግንባራቸውን ንኩ። ይህ መለኪያውን አይተካም። ግን "ሰንበቴን አፈረሰችብኝ" ያሉት አባትሽ፣ ሰንበታቸው ውስጥ ቁጭ ብለሽ ያዩሻል። ሳትነጂ የዋልሽበትን አንድ ቅዳሜ ከመቶ ክርክር ይልቅ ያነቡታል። ሃይማኖተኛ ሁኚ ማለቴ አይደለም። እሱ ያንቺ ጉዳይ ነው።

አንድ ጥያቄ ደግሞ ለእናትሽ አቅርቢላቸው። እናንተ ቤት ዛሬ ዓርብ ማታ ፕላታ፣ በሰንበት ምግብ የሚያሞቀው የኤሌክትሪክ ምጣድ፣ አለ? የብዙዎቻችን እናቶች አገር ቤት በሰንበት የቀዘቀዘ ነበር የሚያቀርቡት። እዚህ መጥተን ዓመታት ካለፉ በኋላ ነው ወጡ ፕላታ ላይ ሞቆ መዋል የጀመረው። እናንተም ቤት ገብቶ ከሆነ በምን ገባ? ማን አመጣው? አባትሽ የመጀመሪያ ቀን ምን አሉ? አንድ ጊዜ ከሻማይ ወደ ሒሌል ተሻግረው ከሆነ መንገዱን የሚያውቁት እናትሽ ናቸው። በደብዳቤሽ ውስጥ እናትሽ በር ያንኳኳሉ፣ "ሰንበት" ይላሉ፣ መልእክት ያመላልሳሉ። ምን እንደሚያስቡ ግን አልጻፍሽልኝም። ጠይቀሻቸዋል?

ስለ አስተስርዮ ብዙ አልልም፤ ምክንያቱም የዛሬው ሥራ ከተሠራ ግማሹ አለቀ። ሁለት ወር በቂ ጊዜ ነው። ሐኪሟ ትናገር፣ ቄሱ ይስሙ፣ ከዚያ ቄሱ ለአባትሽ ይንገሯቸው። ቅደም ተከተሉ ይኸው ይሁን። የታመመ ሰው በዚያ ቀን የሚበላበት ሥርዓት አለ። ሐኪም በጥቂት በጥቂቱ ይበቃዋል ካለ፣ ከ30 ሚሊ ሊትር የማይበልጥ ምግብና ከአንድ ጉንጭ ያነሰ መጠጥ ይወስዳል፣ ዘጠኝ ደቂቃ ይጠብቃል፣ ይደግማል። ይህ ካልበቃው እንደሚያስፈልገው ይበላል። አባትሽ ኢንሱሊን የሚወስዱ ሰው ናቸው። ሐኪሟ "ይብሉ" ካለች፣ ለእሳቸው የዚያ ቀን ትእዛዝ መብላት ነው። ኀዘኑ ግን እንዳለ ነው። ዕድሜ ልኩን የጾመ ሰው በዚያ ቀን ማንኪያ ሲያነሳ እጁ ይከብደዋል። ያን ጊዜ "ተፈቅዷል እኮ" አትበያቸው። አጠገባቸው ተቀመጪ።

ዳቦሽን አይቀምሱም ያልሽው ከሁሉም የከበደሽ ይመስለኛል። መጋገርሽን አታቁሚ። ለእናትሽ እያልሽ አምጪ። ይቅርታ ጠይቂ እንዳልልሽ፣ አምቡላንሱን ባትጠሪ ኖሮ ዛሬ የምንነጋገርበት አባት አይኖርሽም ነበር። ግን አንድ ቀን ማታ፣ ወንድምሽ በሌለበት፣ "አባዬ፣ ያን ሌሊት ፈርቼ ቆሜ ነበር። ስለ ሰንበትህ ነው የቆምኩት" ብለሽ ልትነግሪያቸው ትችያለሽ። ይህን ማንም አልነገራቸውም። መልስ አትጠብቂ።

መለኪያው በየ14 ቀኑ ይቀየራል ብለሻል። የሚቀጥለውን ሰንበት ላይ እንዳይወድቅ ሐሙስ ቀይሩት። አንቺ አትለጥፊላቸው። እጃቸውን ታጥበው፣ እሳቸው ራሳቸው ይለጥፉት።